ፓርኪንግ ላይ የሚጀመር ሙግት

ከሥራ የምወጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ላስ ቬጋስ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ቻርልስተን ጎዳና ከሻዶው ሌን ከሚገናኝበት አቅራቢያ፣ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የበሽተኛ አልጋ ስገፋ አድራለሁ። ሻዶው ሌን ወደ አማርኛ ቢመለስ «የጥላ መንገድ» ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው በሐምሌ አልመጣም መሰለኝ። ሐምሌ ላይ እዚህ ሰፈር ጥላ የሚገኘው የመኪና ማቆሚያው ፎቅ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ የሐበሻ ጉዳይ ሁሉ የሚፈታው፣ ወይም ተፈታ ተብሎ የሚወራው፣ እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ ነው።

ድሮ የእኛ ሰው ወደዚህ ሰፈር የሚመጣው ሊታከም፣ ሊያስታምም ወይም እንደኔ ሊሠራ ነበር። አሁን ልጁን ይዞ የሚመጣ በዝቷል። ልጁ ሲታይ ምንም አይጎድለውም። ይሮጣል፣ የሊፍቱን ቁልፍ ሁሉ ተራ በተራ ይጫናል፣ የእናቱን ስልክ ከእናቱ በተሻለ ያውቀዋል። ግን አምስት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያገጣጥምም፤ ወይም ስምንት ሞልቶት ፊደሉ አልገባ ብሎታል፤ ወይም ክፍል ውስጥ ጫጫታ ሲነሣ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ወላጆቹ ወራት የጠበቁትን ቀጠሮ ይዘው ይመጣሉ። አያትየው ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በቫይበር ምርመራውን ከወዲሁ ጨርሳዋለች፦ «አባቱስ ቢሆን እስከ አምስት ዓመቱ መቼ ተናገረ? ዛሬ ማን ያስቆመዋል?»

አባቱን ማንም እንደማያስቆመው እኔ ምስክር ነኝ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ወዳጄ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፣ ቢያነበው ይሟገተኛልና። ስለ ዕቁብ ዕጣ ከዳኛው ጋር ተሟግቷል። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከቦርዱ ጋር ተሟግቷል። ካውንቲው በ2023 አንዱን የከተማ ክፍል ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይም ሁላችንም ደስ ሲለን፣ እሱ ብቻ «ለምን ሊትል ተባለ?» ብሎ አንድ ወር ሙሉ አላስተኛንም። አባቱ በአንድ የእርሻ ድንበር አሥራ አራት ዓመት የተካሰሱ ሰው ናቸው። መሬቱ ጠቦ ሁለት በሬ አያዞርም ነበር፤ ነገሩ ግን ሰፊ ነበር።

ይኸው ሰው ስለ ልጁ አይኢፒ ስብሰባ ተጠርቶ ትምህርት ቤት ሄደ። አይኢፒ ማለት ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ በየዓመቱ የሚጻፍ የግል የትምህርት ዕቅድ ነው። የንግግር ትምህርት በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ በማን፣ የት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ክብ ጠረጴዛ፣ ስድስት ሰው፣ ሠላሳ ምናምን ገጽ ወረቀት፣ መሀል ላይ የሶፍት ካርቶን። (የሶፍቱን ነገር ልብ በሉ። ሰው የሚያለቅስበት ስብሰባ እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው።) ወዳጄ ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ወጣ። የተናገረው ሁለት ቃል ነው፤ «እሺ» እና «ታንክ ዩ»። «እሺ»ውን በአማርኛ ነው ያለው።

በማግስቱ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ከፔርሙዝ በተቀዳ ቡና ፊት፣ ሙግቱ ተጀመረ። «በሳምንት ስልሳ ደቂቃ የነበረውን የንግግር ትምህርት ሠላሳ አደረጉት! ልጄን! በምን ሒሳብ?» ድምፁ ከፎቁ አምድ ወደ አምድ እየተጋጨ ይመለሳል። በላ ልበልሃ ማለት ይህ ነው አልኩ በልቤ። አያቶቻችን በዳኛ ፊት በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው፣ ዘንጋቸውን እየወዘወዙ፣ ከጭቃ ሹም ተነሥተው በይግባኝ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይወጡ ነበር። የእኛ ሰው ሙግት አይፈራም፤ ደጅ መጥናትም አያታክተውም። ነገር ግን የዘንድሮው ዙፋን ችሎት ተከሳሹ በሌለበት፣ ዳኛው አልጋ ገፊ በሆነበት፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚያስችለው።

«ታዲያ እዚያው ለምን አላልካቸውም?» አልኩት።

«እንዴት ብዬ? መምህር እኮ ናቸው!»

እዚህ ላይ አልፈርድበትም። እኛ የየኔታ ልጆች ነን። አባት ልጁን ለመምህር ሲሰጥ ከነነፍሱ ነበር የሚሰጠው። ልጁ ተገርፎ ቢመጣ ይደግመዋል እንጂ «ለምን ገረፉብኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ አልነበረም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ስንል፣ ንጉሡ ወርዶም መምህሩ ከነወንበሩ ቀርቷል። ሌላም አለ። እኛ ቋንቋ ውስጥ «አልተስማሙም» ማለት «ተጣሉ» ማለት ነው። ተስማምቶ አለመስማማት የሚባል ነገር አልተለመደም። ስለዚህ ወዳጄ ለሠላሳ ደቂቃ ብሎ በስብሰባው ላይ ፈገግ ካለችለት ሴትዮ ጋር መጣላት ከበደው። ዘወር ብሎ ከእኔ ጋር ተጣላ።

አስተርጓሚውስ? አስተርጓሚዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጁ ነበረች። የአገሪቱ የልዩ ትምህርት ሕግ ወላጅ በስብሰባው ላይ የሚባለው እንዲገባው ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ እስከ ማቅረብ ድረስ አስፈላጊውን እንዲያደርግ ያዛል። ይህ እየታወቀ ወዳጄን «አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል ወይ?» ሲሉት «ኖ፣ ኖ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ» አለ። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው እንዴት አስተርጓሚ ያስፈልገኛል ይላል? የሆቴል ስም ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ነገር ግን ስለ ሕፃን የንግግር ጡንቻና ስለ ማዳመጥ ቅደም ተከተል የሚያወራ ተሳፋሪ ገጥሞት አያውቅም። ስለዚህ ልጅቱ በመካከል ተቀመጠች። ሴትዮዋ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ትናገራለች፤ ልጅቱ ወደ አባቷ ዞራ «ጎበዝ ነው ብለዋል» ትላለች። ሴትዮዋ ሰንጠረዥ እያሳየች ሌላ አራት ደቂቃ፤ ልጅቱ «አሁንም ጎበዝ ነው ብለዋል»። በኋላ ስትጠየቅ «አባዬ እንዳይናደድ ብዬ ነው» አለች። ትርጉም ሳይሆን ሽምግልና ነበር የሠራችው። ዘር ይወርሳልና!

ወዳጄ ሲረጋጋ የሚለው ሌላ ነገር ነበር፤ ይህኛው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። «ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከምንም ይሻላል» ይላል። ይህችን «ከምንም ይሻላል» ከአገር ይዘናት ነው የመጣነው፤ አመጣጧም እውነት አላት። አዲስ አበባ ላይ ዘሚ የኑስ ለኦቲስቲክ ልጇ የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጥታ በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እስክትከፍት ድረስ፣ በሀገሪቱ እንዲህ ያለ ማዕከል አልነበረም። በየጓዳው ተቆልፎባቸው ያደጉ ልጆች ነበሩ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቁ፣ በእርግማን የሚታሙ። ዘሚ ልጇን ይዛ በአደባባይና በቴሌቪዥን «ይኸው ልጄ» እያለች ያንን በር ስትገፋ ኖራ በ2021 ዐረፈች። እንግዲህ ከዚያ አገር የመጣ ወላጅ፣ ልጁን ቢጫ አውቶቡስ ከበሩ ሲወስድለት፣ ሠላሳ ደቂቃ ይሁን ስልሳ ብሎ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ይመስለዋል። ያበላኝን እጅ ነከስኩ ይላል።

ነገር ግን ያቺ «ከምንም ይሻላል» የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሳ ተሸንፋለች። ኮሎራዶ ውስጥ ኢንድሩ የሚባል ኦቲስቲክ ልጅ ነበረ። የየዓመቱ ዕቅዱ ያለፈው ዓመት ግልባጭ ሆኖ አስቸገረ፤ ወላጆቹ ተሟገቱ፤ የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ከምንም ትንሽ ከፍ ያለ ጥቅም እስካገኘ ድረስ ይበቃል አሉ። በመጋቢት 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስምንት ዳኞች ሙሉ ድምፅ ይህን ሻረው። ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ የሆነ ዕድገት እንዲያሳይ የሚያስችል መሆን አለበት ተባለ። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ቡናውን አስቀምጦ «በስምንት ዳኛ?» አለ። የሕጉ ፍሬ ነገር አልነበረም ያስደነቀው። ስምንት ዳኛ በአንድ ነገር መስማማቱ ነው።

ሕጉ ራሱ ዕድሜው ገፍቷል። ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት ኅዳር 1975 ላይ ነው፤ እኛ አገር ደርግ የገጠር መሬት ከወረሰ ዓመት ሳይሞላው። ያኔ ኮንግረሱ ራሱ እንደመዘገበው ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሶ ውጭ ነበሩ። እንግዲህ አሜሪካም ጓዳ ነበራት። ሕጉን ያመጡት በየፍርድ ቤቱ «አልስማማም» ሲሉ የከረሙ ወላጆች ናቸው። በሌላ አነጋገር ወዳጄ በጨዋነት የሚያመሰግንበት ጠረጴዛ በሙግት የተሠራ ጠረጴዛ ነው።

ከእሺ ባዮቹ ሌላ የወረቀት አማኞች አሉ። እነዚህ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው፤ ሜዲካል ዲስትሪክቱ የሚያመርታቸው። ሐኪሙ ልጁን መርምሮ «ኦቲዝም ነው» ብሎ ፈርሞ ይሰጣል። አባት ወረቀቱን በፕላስቲክ ያስለብጠዋል። አይቻለሁ፤ በፕላስቲክ! ከዚያ እንደ ንጉሥ ደብዳቤ በሁለት እጁ ይዞ ትምህርት ቤት ይገባና ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ይጠብቃል። ማኅተም ያለው ነገር የማይከፍተው በር የለም ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ቀበሌ አሳድጎናል። ትምህርት ቤቱ ግን «እናመሰግናለን፣ እናየዋለን፣ የራሳችንን ምርመራ ደግሞ እናደርጋለን» ይላል። አባት ይህን ንቀት ያደርገዋል፤ «የዶክተር ፊርማ አልቀበልም አሉ!»

አልናቁትም። የሐኪም ምርመራ የሚለው ልጁ ምን እንዳለበት ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው ያ ነገር ትምህርቱን እንዴት እንደነካበትና ልዩ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ ነው። ሕጉ አሥራ ሦስት የጉዳት ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ ልጁ ከአንዱ ውስጥ መግባቱን የሚወስነው ወላጅ ያለበት ቡድን ነው። የሐኪሙን ወረቀት ሊያዩትና ሊመዝኑት ግዴታ አለባቸው፤ ሊገዙለት ግን ግዴታ የለባቸውም። ኔቫዳ ውስጥ ወላጅ ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ ትምህርት ቤቱ ምርመራውን የሚጨርስበት 45 የትምህርት ቀን አለው። የትምህርት ቀን ነው፤ ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ ክረምት የለ። በአቆጣጠር ከሁዳዴ ይረዝማል፤ የሚጾመውም የወላጅ ልብ ነው።

ምርመራው ወጥቶ ወላጅ ካልተስማማበት ምን ያደርጋል? እኛ የምናደርገውን ልንገራችሁ። አንድ የማውቀው አባት ተበሳጨ፤ የዕቁብ ዕጣውን ለመነ፤ ዳኛው አስቀደመለት፤ ብሩን ይዞ ሄዶ በግሉ ሌላ ባለሙያ ቀጥሮ አስመረመረ። ለሚስቱ ቀለበት ሊገዛበት የነበረ ገንዘብ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ማወቅ ያልፈለገውን አወቀ፤ በትምህርት ቤቱ ምርመራ ያልተስማማ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ «የእኔ ምርመራ ትክክል ነበር» ብሎ ራሱ ተነሥቶ በችሎት ማስረዳት አለበት። ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ አንቀጽ ደብዳቤ ነበር። «ማን ነገረኝ?» አለ። ተነግሮታል። የወላጅ መብት የሚል ወፍራም ጥራዝ በየዓመቱ ይሰጠዋል። ቤቱ ስሄድ አይቼዋለሁ፤ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ ስለነበር ደግፎ ይዞታል።

ጥራዙንም የጻፈ ሰው ከወቀሳ አያመልጥም። ሰው እንዲያነበው ሳይሆን ተሰጥቶታል እንዲባል የተጻፈ ነው የሚመስለው። እንቅልፍ ላጣ በሽተኛ ባነብለት ሐኪሙ የሚያዘውን ክኒን ይቆጥብ ነበር።

ከእሺ ባዩም ከወረቀት አማኙም ይልቅ የሚገርመኝ ግን «አልፈርምም» ባዩ ጀግና ነው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ፈርሞ ተጎድቷል። ምናልባት የመኪና ብድር ነው። ከዚያ ወዲህ አይፈርምም። በስብሰባው የመገኛ ወረቀት ላይ እንኳን አይፈርምም፤ ያ ፊርማ መገኘትን እንጂ መስማማትን እንደማያሳይ ቢነገረውም አይፈርምም። ፓርኪንግ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ «ሁለት ዓመት ሙሉ አልፈረምኩላቸውም!» ይላል። እኛም እንደ አርበኛ እናየው ነበር። በኋላ እንደተረዳነው ግን፣ የወላጅ ፈቃድ የግድ የሚያስፈልገው ለምርመራና አገልግሎቱ መጀመሪያ ሲጀመር ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ዕቅዱን መለወጥ ሲፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ወላጅ ካልተስማማ በሕጉ መንገድ መቃወም አለበት፤ አለዚያ ዕቅዱ ይቀጥላል። ጀግናችን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይፈርም፣ ዕቅዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቆም፣ ሁለቱም በሰላም ኖረዋል።

በሕጉ መንገድ ሲባል ደግሞ እኛ የምናውቀው መንገድ አለ፤ ሰው ይዞ መሄድ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ስለ ልጁ የሚያውቅ ወይም ልዩ ሙያ ያለው ሰው ወላጅ ይዞ መግባት ይችላል። አንዱ ይህን ሰምቶ የማኅበሩን ሰብሳቢ፣ አንድ ዲያቆን፣ የአጎቱን ልጅ (አካውንታንት ነው፤ «እንግሊዝኛው ጥሩ ነው») እና ነገር የማያመልጣቸውን አንዲት እናት ይዞ ገባ። አምስት ዓመት የተጠራቀመ እሺ በአንድ ቀን ፈነዳ። የፈነዳውም ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በሁለተኛ ሳምንቷ በነበረች የንግግር አስተማሪ ላይ ነው። የሶፍቱ ካርቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሌላኛው የጠረጴዛው ወገን ተገፋ። ዲያቆኑ አዝኖ በመጨረሻ ጸሎት አድርጎላታል አሉ።

ሕጉ በመካከል የሠራው ቦታ ግን ለእኛ የተሰፋ ነበር። ነጻ ሽምግልና አለ። ሁለቱም ወገን ከፈቀደ ከሁለቱም ያልሆነ ገላጋይ ይመጣል፤ አያስከፍልም፤ የተባለው ሁሉ ሚስጥር ነው፤ ተስማምተው ከፈረሙ ደግሞ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ይጸናል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ሽማግሌ አላቸው እንዴ?» ልዩነቱን ማስረዳት ግድ ሆነ። የእኛ ሽማግሌ «ለነጭ ጸጉራችን ብለህ ተወው» ይላል። የእነሱ ገላጋይ ነጭ ጸጉር ቢኖረው እንኳን አያስይዘውም። ማን ትክክል እንደሆነ አይናገርም፤ አይፈርድም፤ ጉልበት አያስምም። ወዳጄ ቅር አለው። «ታዲያ ምን ይሠራል?» «ያዳምጣል» አልኩት። «ለዚህ ሰው ይቀጠራል?»

ከሽምግልናው ሌላ ለክልሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ መጻፍ አለ፤ ጥፋቱ ከተፈጸመ ዓመት ሳያልፍ፤ መልሱም በ60 ቀን። ሙሉ ሙግቱም አለ፤ ወላጅ ካወቀ ወይም ማወቅ ከሚገባው ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ። ያ ሙግት ሲከፈት ትምህርት ቤቱ በ15 ቀን ውስጥ ወላጁን ለመስማማት ይጠራዋል፤ ወላጁ ጠበቃ ካላመጣ ትምህርት ቤቱም ጠበቃ ማምጣት አይችልም። ሙግቱ እስኪያልቅ ልጁ ባለበት ይጸናል፤ ካልተስማሙ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ማንም ከነበረበት አያነሣውም። የአያቶቻችን ዳኛ ሰምቶት ቢሆን መልካም ሥርዓት ነው ይል ነበር።

አንዲት ነገር ግን የፓርኪንጉን ችሎት በጣም አስገርማዋለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርበት ከሞንትጎመሪ ካውንቲ በመጣ ጉዳይ ላይ፣ የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ላይ ነው ብሏል፤ ከሳሹም ብዙውን ጊዜ ወላጅ ነው። ኔቫዳ ግን በራሷ ሕግ ነገሩን ገልብጣዋለች። እዚህ ችሎት ሲቀመጡ የማስረዳት ሸክሙ በትምህርት ቤቱ ጫንቃ ላይ ነው፤ ማንም ይክሰስ ማን። ይህን ካደረጉ ጥቂት ክልሎች አንዷ ቁማር ቤት የሞላባት ኔቫዳ መሆኗ ይገርማል፤ እዚህ ከተማ ሌላ ቦታ ሁሉ ዕድሉ ከቤቱ ጋር ነው። ወዳጄ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። ዝም ሲል ይህ ሁለተኛ ጊዜው ነው፤ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነበር።

ከዚያ ባለቤቱ ወደ ነገሩ ገባች። እሷ እስካሁን ያልተነሣችው በዝምታዋ ምክንያት ነው። ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ የምታወራበት ጊዜ የላትም። ኔቫዳ ፔፕ የሚባል፣ ወላጆችን በነጻ የሚያሠለጥን የወላጆች ድርጅት መኖሩን ከሥራ ባልደረባዋ ሰምታ ለብቻዋ ሄዳ ተምራ መጣች። ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፈች፤ አራት መስመር። ስብሰባ ይጠራልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ፣ ደቂቃው የተቀነሰበት ምክንያት ከነመረጃው በጽሑፍ ይሰጠኝ። አራተኛው መስመር ምስጋና ነው። ወዳጄ አራተኛውን መስመር ብቻ አደነቀ።

ስብሰባው ደረሰ። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ድምፁ እንደተሰማ ወዳጄ «ጤና ይስጥልኝ፣ የየት አገር ሰው ነህ?» አለ። አስተርጓሚው ገለልተኛ መሆን እንዳለበት በትሕትና አስረዳ። «ገለልተኛ ማለት የት ነው?» አለ ወዳጄ፤ ባለቤቱ በጉልበቷ ነካችው። ዕቅዱ ይነበብ ጀመር። አስተርጓሚው «ለዚህ ዓመት አራት ግብ ተይዞለታል» ሲል ወዳጄ ቀና አለ። ልጁ ኳስ ይወዳልና። ሦስተኛው ግብ ላይ ነው የገባው፤ «ካለ እርዳታ በአምስት ቃል ዓረፍተ ነገር ይጠይቃል» የሚል ነበር። በዚያች ሰዓት ፊቱ እንዴት እንደሆነ ባለቤቱ ነግራኛለች፤ እኔ አልጽፈውም።

ወደ ሠላሳ ደቂቃው ሲደርሱ አንብበው ቆም አሉ። ክፍሉ ዝም አለ። ወዳጄ ልማዱ ሆኖ አፉ «እሺ» ሊል ተከፈተ። ባለቤቱ ቀደመችው። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አልስማማም፤ አለመስማማቴ ይጻፍልኝ» አለች። አስተርጓሚው ተረጎመ።

ወዳጄ ወንበሩን ይዞ ጠበቀ። ጠብ ጠበቀ፤ ቢያንስ ኩርፊያ። ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሯ ዘወር አለችና ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «ያልተስማሙበትን ምክንያት በራስዎ ቃል ይንገሩኝ፣ እንዳለ ልጻፈው» አለች። ባለቤቱ የስድስት ወር ማስታወሻዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ልጁ በየትኛው ቀን የትኛውን ቃል እንዳለ፣ የትኛው ወር ላይ እንደተወው፣ በሆቴል ማስታወሻ ወረቀት ላይ በአማርኛ ተጽፏል። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ስብሰባ ተቀጠረ፤ ውጤቱ ገና ነው።

ወዳጄ በማግስቱ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ አገኘኝ። ቡናውን እየቀዳ ሁሉን ተረከልኝ፤ ሲተርክ ግን አንድ ነገር የጎደለው መሰለ።

«ጻፉት እኮ!» አለ። «ዝም ብለው ጻፉት። ቱግ ያለ ሰው የለም። እኔ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ ነው ያደርኩት።»

«እንግዲህ ንገረኝ» አልኩትና ፔርሙዙን ተቀበልኩት። «ሥራም ጨርሻለሁ።»

ተነሣ፤ ኮሌታውን አስተካከለ፤ ጋቢ እንደለበሰ ሰው ክንዱን ወደ ኋላ ጣለ። ከሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ምን ሆነ ብሎ አንገቱን አወጣ።